መሐል የጣለውን ዳር ሲያነሣ፦ የኑኩስ ሙዚየም ታሪክ

«ዳሩ ሲነካ መሐሉ ዳር ይሆናል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ድንበርና ስለ ጦር ነው፤ መሐል አገር ለዳር አገር ባለዕዳ መሆኑን ለማስታወስ። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ዕዳ በሥነ ጥበብ መስክ ይመለከታል። ስፍራው ኡዝቤኪስታን ውስጥ ያለችው ራስ ገዝ ሪፐብሊክ የካራካልፓክስታን ዋና ከተማ፣ ኑኩስ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ኑኩስን ከሚረግጡት የውጭ እንግዶች ብዙዎቹ በቡድን የሚጓዙ አገር ጎብኚዎች ናቸው። ከጥንታዊቷ ኺቫ ተነሥተው፣ የአራል ባሕር በደረቀበት አሸዋ ላይ የዛጉትን መርከቦች ለማየት ወደ ሞይናቅ ሲያልፉ አስጎብኚያቸው በከተማይቱ ሙዚየም ያቆማቸዋል። የቡድን ጉብኝት መቼም ሰዓቱ የተቆጠረ ነው። እንግዶቹ የካራካልፓክን ምንጣፍ፣ ጥልፍና የብር ጌጥ አይተው የአንድ ክፍለ ሀገር ሙዚየም ወጉን አደረሰ ብለው ሳይጨርሱ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከተሣሉ የሶቭየት ዘመን ሥዕሎች ፊት ይቆማሉ። ሙዚየሙ ከያዛቸው ከ80,000 በላይ ቅርሶች መካከል እጅግ የታወቀው ይኸው የሩሲያ አቫንጋርድ ስብስብ ነው። ሞስኮ ልታየው ያልፈቀደችው ጥበብ እንዴት ከበረሃ ዳር ተገኘ?

ታሪኩ ከ1917ቱ አብዮት ይነሣል። በአብዮቱ ማግስት ብዙ ሠዓልያን አዲስ ዓለም አዲስ ቅርጽና አዲስ ቀለም ይሻል ብለው ተነሡ። ሊዩቦቭ ፖፖቫን የመሰሉት በሞስኮ፣ አሌክሳንደር ቮልኮቭና ኡራል ታንሲክባየቭን የመሰሉት ደግሞ በመካከለኛው እስያ ሆነው ሠሩ። ነፃነቱ ግን ዕድሜ አላገኘም። በ1932 ኮሙኒስት ፓርቲው ልዩ ልዩ የጥበብ ማኅበራትን በአንድ ውሳኔ አፈረሳቸው። በ1934 ሶሻሊስት ሪያሊዝም ብቸኛው የጥበብ መንገድ ሆኖ ታወጀ። ከዚያ ወዲያ በትራክተር ላይ ፈገግ ያለ ገበሬ ያልሣለ ሰው «ፎርማሊስት» ተብሎ ይፈረጅ ጀመር። ሚካኢል ኩርዚን በ1936 ታሰረ። የቀሩት ሥዕላቸውን በየጣሪያው ሥርና በየአልጋው ሥር ሸሸጉ፤ እነርሱ ሲሞቱም ሸክሙ ለባልቴቶቻቸው ተላለፈ።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ብቅ ይላል፤ ኢጎር ሳቪትስኪ። በ1915 ኪየቭ ተወልዶ በሞስኮ ሥዕል የተማረው ይህ ሰው ወደ ካራካልፓክስታን የመጣው በ1950 ከሖሬዝም የሥነ ቁፋሮ ቡድን ጋር፣ ግኝቶቹን እየሣለ ለማስቀረት ነበር። ቡድኑ ሲመለስ እርሱ ቀረ። ከመንደር መንደር እየዞረም በዚያ ዘመን ኋላ ቀር ተብለው የተናቁትን የአካባቢውን ሕዝብ ጌጣጌጥ፣ ጥልፍና የእጅ ሥራ ሰበሰበ። በ1966 በአካባቢው ባለሥልጣናት ድጋፍ ሙዚየሙ ተከፈተ።

እዚህ ላይ የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ሳቪትስኪ በመጀመሪያ ያከበረው የዳር አገሩን የራሱን ቅርስ ነው። የአካባቢው ሹማምንት አመኔታም የመነጨው ከዚያ ነበር። የተከለከሉትን ሥዕሎች ፍለጋ ወደ ሞስኮና ወደ ታሽከንት የተመላለሰው፣ የባልቴቶችን ደጅ ያንኳኳው፣ ገንዘብ ሲያጥረው የዕዳ ወረቀት እየፈረመ የገዛው ይህን አመኔታ ተገን አድርጎ ነው። ርቀቱም ረድቶታል፤ በአካባቢው የሶቭየት ጦር ኬሚካላዊ መሣሪያ መሞከሪያ ስለነበረ ኑኩስ የውጭ ሰው እንደ ልቡ የሚመላለስባት ከተማ አልነበረችም።

ተንኮልም አልጎደለውም። ናዴዥዳ ቦሮቫያ የተባለች ሠዓሊ ባሏ በስታሊን የሽብር ዘመን ከተገደለ በኋላ ወደ ቴምኒኮቭ የእስር ካምፕ ተልካ፣ የእስረኞቹን ኑሮ በድብቅ ሥላ ነበር። ሳቪትስኪ ሥዕሎቹን ለመግዛት የመንግሥት ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ባለሥልጣናቱን ያሳመነው የናዚ ማጎሪያ ካምፕን ያሳያሉ ብሎ እንደሆነ ይተረካል። መንግሥት የገዛ ወንጀሉን ማስረጃ በገዛ ገንዘቡ ገዛ ማለት ነው። ዛሬ አስጎብኚዎች ያንን ካምፕ በእውነተኛ ስሙ ይጠሩታል። ከሥዕሎቹ አንዲት መስመር አልተለወጠም፤ በፊታቸው ቆሞ መናገር የሚፈቀደው ነገር ግን ተለወጠ።

ታሪኩን በዚሁ ብንዘጋው ደስ ባለን፤ ግን አያልቅም። ሳቪትስኪ የነሐስ ቅርሶችን ሲያጸዳበት በኖረው ፎርማሊን ሳንባው ተጎድቶ በ1984 ሞተ። እርሱን የተኩት ማሪኒካ ባባናዛሮቫ ሙዚየሙን ከሠላሳ ዓመት በላይ መሩት። በ2010 ከሙዚየሙ ሕንፃዎች አንዱ በጥድፊያ እንዲለቀቅ ታዘዘ፤ በ2015 ደግሞ እርሳቸው የማጭበርበር ክስ እየተወራባቸው፣ የሙዚየሙ ሠራተኞችም እየተቃወሙ፣ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። በሐምሌ 2022 የካራካልፓክስታንን ራስ ገዝነት የሚያጠብ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐሳብ ሲቀርብ ኑኩስ በተቃውሞ ተናወጠች። መንግሥት ራሱ በሰጠው ቁጥር 21 ሰዎች ሞቱ፤ ሐሳቡም ተነሣ። የመሐሉን ቅርስ ያዳነ ዳር የራሱን መብት ለማስጠበቅ ደም መክፈሉን ከሥዕሎቹ ፊት የሚቆም ጎብኚ ሊዘነጋው አይገባም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ሳቪትስኪ በሞተበት በዚያው 1984 ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያ እገዛ በተሠራው የትግላችን ሐውልት ሲያከብር፣ በሰሜኑ አገራችን ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር። የሐረሩ ተወላጅ ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በስደት ኦክላሆማ ውስጥ አርፏል። ሳንሱር፣ ስደትና በየቤቱ የተሸሸገ ሥራ እኛም የምናውቃቸው ናቸው። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የቀደመውን መግለጫ ነቅሎ የራሱን መለጠፍም እንዲሁ።

እንግዲህ ተማሪዎቻችንን በአውቶቡስ ጭነን ወደየክልሉ ሙዚየም ስንወስድ፣ አስጎብኚው የሚናገረውን ብቻ ሰምተው እንዳይመለሱ እናስተምራቸው። ይህ ዕቃ ከማን ቤት መጣ? መግለጫውን ማን ጻፈው? ከዚህ ግድግዳ ላይ የወረደው የማን ሥራ ነው? ኑኩስን ያዳናት የአንድ ሰው ብልጠትና የበረሃ ርቀት ነው። ሁለቱም ዕድል እንጂ ሥርዓት አይደሉም፤ የአንድ ሕዝብ ትዝታም በዕድል ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም። ቅርስን ከሹም ቁጣ የሚጠብቅ ሕግና ያለ ፍርሃት የሚናገር ባለሙያ ያሻናል፤ መሐል አገርም ሆነ ዳር አገር።