ስለ አሮጌ ጠመንጃዎችና ስለ ታሪካቸው

በደብረ ኤልያስ አገር የተወለደ ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር የሚያውቀው ነገር ቢኖር በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አሮጌ ጠመንጃ ነው። አገራችን በቅኔ ትምህርት የታወቀች ናት፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩባት አገር ናት። ይሁን እንጂ የቅኔው አገር የጠመንጃም አገር ነበረ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በ1928 ዓ.ም. ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋራ ወደ ሽሬ ዘምተዋልና። ስለዚህ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔት ስለ አሮጌ ጠመንጃዎች ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ለጽሑፋችን መነሻ የሆነን የአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ጠመንጃቸውን ለማየት ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ጥይት የለውም፤ አትፍሩ» ብለው ከግድግዳው አውርደው ሰጡን። ከባድና ረጅም ውጅግራ ነበር። በብረቱ ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት አየን፤ ዝገቱን በጨርቅ ብንጠርገው የፋብሪካው ስም «ሳንት ኤትየን»፥ ዓይነቱም «ሞዴል 1874» የሚል ሆነ። ይህንኑ ብናነብላቸው ሽማግሌው ተገረሙና፥ «አያቴም አባቴም ምን እንደሚል ሳያውቁ ሞቱ» አሉን። እኛም በዚያን ሰዓት፥ ሦስት ትውልድ በአንድ ቤት የኖረ ጽሕፈት ሳይነበብ መቅረቱ አሳዘነን።

አንባቢ ሆይ፥ ብዙዎቹ የጠመንጃ ስሞቻችን ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ውጅግራ የተባለው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ነው፤ ፉዚ ማለት ጠመንጃ ሲሆን ግራ የሠራው መኰንን ስም ነው። ሰናድር የእንግሊዞቹ ስናይደር ነው። ምንሽር ማንሊከር ከሚለው ስም የመጣ ሲሆን ቤልጅግ ደግሞ የተሠራበትን አገር ቤልጅግን ያመለክታል። አባቶቻችን የባዕዱን ስም ለአፋቸው በሚመች አድርገው ለውጠው በፉከራቸው ውስጥ አስገቡት።

የእነዚህ ጠመንጃዎች ኃይል በአገራችን በግልጥ የታየው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው። በመቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባለው ስፍራ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ጠመንጃቸውን በአፈሙዙ በኩል ባሩድና እርሳስ እየጠቀጠቁ ሲዋጉ፥ እንግሊዞች ግን በኋላው በኩል የሚጎርሰውን ሰናድር ይዘው ነበር። አንዱ አንድ ጊዜ አጉርሶ እስኪተኩስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ጀግና በከንቱ አለቀ። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል አድርገው ረሚንግቶን የተባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ማረኩ።

ውጅግራው ወደ አገራችን የገባበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ጠመንጃ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ሲሆን የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ በተተኮሰም ጊዜ ነጭ ጭስ ስለሚያወጣ ተኳሹን ለጠላት ያሳያል። ፈረንሳዮች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚሠራ አዲስ ጠመንጃ ለጦራቸው ስላወጡ፥ አሮጌው በርካሽ ለነጋዴዎች ተሸጠ፤ ነጋዴዎቹም በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል አስገቡት። በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ካመጡት ነጋዴዎች አንዱ አርቱር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ነበር። እርሱ ቅኔውን ገና በወጣትነቱ ትቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው፤ ይህን ነገር የቅኔ አገር ልጆች ስንሰማ ሳናስብበት አናልፍም።

ጠመንጃ በወንድማማች መካከልም ደም አፍስሷል። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተዋግተው የሁለቱም ወገን ልጆች አለቁ። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እነዚያው ሁለት ነገሥታት በዐድዋ በአንድነት ቆመው ጠላትን ድል መቱ። እንግዲህ ክብሩ የብረቱ ሳይሆን የአንድነቱ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ዳግመኛ ሲመጣ የኢጣሊያ ወታደር የያዘው ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። አርበኛው ከጠላት የሚማርከው ጥይት ለውጅግራው ስለማይሆን ጠመንጃውንም አብሮ መማረክ ነበረበት። በብቸናና በአካባቢው የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀና ሌሎችም የጎጃም አርበኞች ጦራቸውን ያስታጠቁት በአብዛኛው ከጠላት እየቀሙ ነው። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተቀበሏቸው ሰዎች በብዙዎቹ ትከሻ ላይ የነበረው የጠላት መሣሪያ ነበር።

ወደ ሽማግሌው ቤት እንመለስ። የፋብሪካውን ታሪክ እኛ ስንነግራቸው የቤቱን ታሪክ እርሳቸው ነገሩን። አያታቸው ጠመንጃውን የገዙት ሁለት በሬ ሸጠው ነው። አባታቸው እርሱን ተሸክመው ሽሬ ድረስ በእግራቸው ሄደው ተመለሱ፤ ጠላት ጠመንጃ ሲገፍ በጎተራ እህል ውስጥ ቀበሩት። ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «በአባቴ ለቅሶ ቀን አጎቴ ሊተኩሱበት ቃታውን ሳቡ፤ ቀለሁ በእጅ ባሩድ የተሞላ አሮጌ ነበርና ወደ ኋላ ፈነዳ። ጠላት ያልነካውን የአጎቴን ዓይን የገዛ ጠመንጃችን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት አልተተኮሰም» አሉን። ሁላችንም ዝም አልን።

በአውሮፓና በአሜሪካ እንደነዚህ ያሉትን የጦር መሣሪያዎች እየሰበሰቡ መያዝና በተከለለ ሜዳ ላይ በወረቀት ዒላማ መተኮስ ለብዙ ሰዎች መዝናኛ ሆኗል። እነርሱ ከመተኮሳቸው በፊት አፈሙዙንና መዝጊያውን በባለሙያ ያስመረምራሉ፤ ባሩዱንም በሚዛን ይለካሉ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ገዢዎቹ የፋብሪካውን ምልክት፥ ቁጥሩንና ዓመቱን አጥርተው ያነባሉ፤ ነገር ግን ጠመንጃው ስለ ማን በሬ እንደ ተገዛና በማን ጎተራ እንደ ተቀበረ የሚነግራቸው የለም። እኛ ዘንድ ደግሞ የቤቱ ታሪክ በአፍ ይነገራል፥ የብረቱ ጽሕፈት ግን አይነበብም። ስለዚህ በዚያም በዚህም ያለው ታሪክ እኩሌታ ነው።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አያያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተወሰነ ስለ ሆነ ያለ ፈቃድ መያዝ አይገባም። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ጥይት ተመልሶ ወደ ምድር የሚወርድ መሆኑን እኛ የሳይንስ ተማሪዎች ለወላጆቻችን ማስረዳት ይገባናል። አያትን ለማክበር ቃታ መሳብ ግድ አይደለም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ልመና ይህ ነው። እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ አሮጌ ጠመንጃ ቢኖር አባታችሁን አስፈቅዱና፥ ጥይት አለመጕረሱን እርሳቸው ራሳቸው ካረጋገጡ በኋላ፥ በብረቱ ላይ ያለውን ጽሕፈትና ቁጥር በደብተራችሁ ገልብጡ። ከሥሩም ሽማግሌዎቹ የሚነግሯችሁን ጻፉ፤ ማን እንደ ገዛው፥ ማን እንደ ዘመተበት፥ ማንንም እንደ ጎዳ ሳትደብቁ ጻፉ። እኛ የጻፍነውን ለሽማግሌው ብናነብላቸው የአጎታቸው ነገር በደብተሩ መኖሩን ሁለት ጊዜ ጠየቁን። አለ ብንላቸው፥ «እንግዲያስ ደኅና ነው» ብለው ጠመንጃውን መልሰው ሰቀሉት።