የሜትሩ ሐዲድና የከርነሉ ውል

ድሬዳዋ ከዚራ ባለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ሐዲዱ ላይ ሜትር ቢዘረጉ፣ ከብረት እስከ ብረት አንድ ሜትር ይሞላል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚያልፈው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ላይ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይቆምም።

የአሮጌውን መስመር ፈቃድ ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነበር (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስኬድ ሲል ከግርጌው ቀረ፤ በታኅሣሥ 1902 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፣ ኋላም ድሬዳዋ። አዲስ አበባ የተደረሰው በ1917 ሲሆን መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ በእንፋሎት ጀምሮ በናፍጣ ቀጠለ፤ ጥገናው የሚካሄደው እዚሁ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። እሳት ማንደጃው ቀርቶ የናፍጣ ሞተር ሲመጣ የሐዲዱን ስፋት የነካ አልነበረም። አዲሱ ሞተር የተሠራው አሮጌው ሜትር ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ባቡር ለማውራት አይደለም፤ ምንም እንኳ ድሬ አድጎ ስለ ባቡር ሳያወሩ መዋል ከባድ ቢሆንም። የራሳቸውን የሊኑክስ ከርነል ኮምፓይል ለማድረግ የሚቀመጡ ልጆች ሁሉ የሚደናቀፉባት አንዲት ነገር አለች፤ ሄደር ትባላለች። እኔ ሄደርን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ሐዲድ ነው።

ከርነል የኮምፒውተሩ ልብ ነው፤ ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሄደር ግን ሥራ አይሠራም። ሄደር ውል ነው። «ይህን አገልግሎት የምትጠይቀኝ በዚህ ቁጥር ነው፣ የምትሰጠኝ መረጃ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው፣ ቅደም ተከተሉም እንዲህ ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ ውሉ ይነበብና በውስጡ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ውሉን ዳግመኛ አያነብም፤ እንደተቀረጸበት ይኖራል።

ነገሩ የተጀመረው በቤል ላብስ ነው። ዴኒስ ሪቺ የሲ ቋንቋን ሲያበጅ፣ በ1973ም የዩኒክስ ከርነል በሲ ዳግም ሲጻፍ፣ ለየብቻ ኮምፓይል የሚደረጉ ክፍሎች አንድ ዓይነት ፍቺ እንዲይዙ አንድ ፋይል ሁሉም ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ሆነ። በዚያ ዘመን ከርነሉም ፕሮግራሞቹም ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ ቤት የሚወጡ ስለነበሩ የከርነሉ ሄደርና የተጠቃሚው ሄደር አንድ መሆኑ ማንንም አላስቸገረም።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የመጀመሪያውን ሊኑክስ ሲያወጣ ይህንኑ ወረሰ። 10 ሺህ መስመር ገደማ በሆነችው በዚያች ከርነል ውስጥ የሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት ጥሪ) ቁጥሮቹ ለከርነሉም ለፕሮግራሞቹም በሚያገለግል አንድ ሄደር ውስጥ ተጽፈው ነበር። ችግሩ የመጣው ሊኑክስ ሲስፋፋ ነው። በ1990ዎቹ የተለመደው አሠራር የሲስተሙ ኢንክሉድ ማኅደር በአቋራጭ ወደ ከርነሉ ምንጭ ኮድ እንዲያመለክት ማድረግ ነበር። አዲስ ከርነል አውርደህ የፈታህ ዕለት፣ ሳታስበው የፕሮግራሞችህን ሁሉ ውል ቀየርክ ማለት ነው። ፕሮግራሞች የሚጋሩት የሲ ላይብረሪ በአሮጌው ውል ተሠርቷል፤ ነገ የምትሠራው ፕሮግራም አዲሱን ያነባል፤ ሁለቱ ደግሞ መነጋገር አለባቸው። ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ነው።

ቶርቫልድስ በ2000 ያንን አቋራጭ አታድርጉ ሲል በግልጽ ጻፈ። የተጠቃሚው ሄደሮች ላይብረሪው የተሠራባቸው ሄደሮች እንዲሆኑ፣ አዲስ ከርነል ስለመጣም እንዳይለወጡ መከረ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ሥርዓት ለመሆን ግን ዓመታት ፈጀበት። በ2006 በ2.6.18 እትም ላይ «ሜክ ሄደርስ ኢንስቶል» የሚባለው ትእዛዝ ገባ፤ ከከርነሉ ሄደሮች መካከል ለውጭ የሚሆነውን ብቻ አጥርቶ ያወጣል። በ2012 መጨረሻ በ3.7 እትም ደግሞ የከርነል አዘጋጁ ዴቪድ ሃውልስ ለውጭ የሚታየውን ክፍል ዩኤፒአይ በሚባል በራሱ ማኅደር ለየው። ከ1991 እስከ 2012 ሃያ አንድ ዓመት ነው፤ ሁለት ነገሮች ሁለት መሆናቸውን ለመቀበል የፈጀ ጊዜ።

እኔም የራሴ ገጠመኝ አለኝ። የመጀመሪያ ከርነሌን ኮምፓይል ሳደርግ በድሬ ሙቀት ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሎ፣ መሐል ላይ መብራት ሄዶ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ደረሰልኝ። ደስ ብሎኝ ሳስነሳው ዋይፋዩ የለም። ከገበያ የገዛኋት ትንሿ የዩኤስቢ ዋይፋይ ድራይቨሯ ከከርነሉ ውጭ ለብቻው ኮምፓይል የሚደረግ ነበር፤ እሱም ሄደር ይጠይቃል። ዴቢያን ከሚባለው የሊኑክስ ሥርጭት ያገኘሁትን የሄደር ጥቅል ጫንኩ። አሁንም እምቢ። የጫንኩት የሌላ ከርነል ሄደር ነበራ!

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሄደር የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ለተራ ፕሮግራም የሚሆነው ነው፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ «ሊኑክስ ሊብሲ ዴቭ» በሚባል ጥቅል ይመጣል። የራስህን ከርነል ስትሠራ ይህን አትንካው። ከርነሉ ለፕሮግራሞች የገባውን ቃል ስለማያፈርስ በአሮጌ ሄደር የተሠራ ፕሮግራም በአዲስ ከርነል ላይ ይሄዳል፤ ናፍጣው በእንፋሎቱ ሐዲድ ላይ እንደሄደው ማለት ነው። ሁለተኛው ለሞጁል፣ ማለትም ከከርነሉ ሆድ ገብቶ ለሚሠራ ድራይቨር የሚሆነው ነው። በዚህኛው በኩል ምንም ቃል የለም። ከከርነሉ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ግሬግ ክሮህ ሃርትማን የከርነሉ የውስጥ ውል ለምን እንደማይጸና በሰነድ አስረድቷል፤ አዘጋጆቹ ውስጡን በፈለጉ ጊዜ ያፈርሱታል፣ ይሠሩታል። ስለዚህ ሞጁል የሚሠራው በዚያው ከርነል ሄደር፣ በዚያው ኮንፊግ፣ በዚያውም የምልክቶች ዝርዝር ነው። ከርነሉ ሞጁሉን ከመቀበሉ በፊት የእትም ማኅተሙን ያያል፤ ካልተመሳሰለ ይመልሰዋል። የኮምፒውተር ኩባንያው ዴል በ2003 ያወጣው ዲኬኤምኤስ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ከርነል በተቀየረ ቁጥር ድራይቨሩን እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል። የራስህን ከርነል ስትሠራ ለእትሙ የራስህን ቅጥያ ስም ስጠው፤ ያኔ የማን ሄደር የማን እንደሆነ አይምታታብህም።

«ቃል አይፈርስም» የሚለው በተግባር ምን እንደሚመስል ግን ከኪቦርዳችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ ዛሬ ዋናው የኢትዮጵያ ክፍል 358 ምልክቶች ይዟል። የሊኑክስ ጥቁር ስክሪን፣ ማለትም ዴስክቶፕ የሌለው ኮንሶል፣ ሁለት ቁልፎችን አጣምሮ አንድ ፊደል የሚያወጣበት ሰንጠረዥ አለው። ሰንጠረዡ የሚቀበለው 256 መስመር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ የተጻፈው በኪቦርዱ ሄደር ውስጥ ነው። ታዲያ የራሱን ከርነል የሚሠራ ልጅ «256ቱን 512 ላድርገውና ፊደላችንን በሙሉ ላስገባ» ቢል ምን ይሆናል? ከርነሉ ያለ ስህተት ኮምፓይል ይሆናል። ነገር ግን የኪቦርድ ሰንጠረዡን የሚጭነውና የሚያነበው ፕሮግራም የተሠራው በአሮጌው ሄደር ነው፤ ሜሞሪ ላይ ያዘጋጀው ቦታ ለ256 ነው። ሰንጠረዡን ስጠኝ ብሎ ሲጠይቅ ከርነሉ ለምሳሌ 300 መስመር ይገለብጥለታል፤ ትርፉ ከዕቃው ውጭ ይፈስና ሌላ ውሂብ ያበላሻል። በሌላ ሄደር ውስጥም ያው 256 በቁጥሩ ተጽፎ፣ ከኪቦርዱ ሄደር የመጣ መሆኑን የሚናገር አጭር ማስታወሻ አብሮት አለ። ቁጥሩን መለወጥ አንድ ሐዲድ ብቻ ነቅሎ ማስፋት ነው። ትክክለኛው መንገድ አሮጌውን ጥሪ እንዳለ ትቶ፣ አዲስ ቁጥር ያለው አዲስ ጥሪ መጨመር ነው፤ አዲሱ ባቡር ከአሮጌው ጎን የራሱን መስመር እንደዘረጋ። እውነቱን ለመናገር አማርኛን በሊኑክስ መጻፍ ይህን ሁሉ ድካም አያሻውም፤ ዴስክቶፑ ላይ ያሉት የአጻጻፍ ዘዴዎች ይበቃሉ። ለመማር ግን ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

የቀረው ትልቁ ውል ሰዓት ነው። ባለ 32 ቢት ሊኑክስ ሰዓትን ከ1970 መባቻ ጀምሮ በሰከንድ ሲቆጥር የቆየው በ32 ቢት ቁጥር ነው። በ2020 በወጣው 5.6 እትም ከርነሉ ለእነዚህ ማሽኖችም ባለ 64 ቢት ሰዓት አዘጋጅቶ ጨረሰ፤ አሮጌውን ጥሪ ግን አልሰረዘም፣ አዲስ አጠገቡ ጨመረ እንጂ። ስለዚህ ከርነሉን ማደስ ብቻውን አይበቃም፤ በአሮጌው ሄደር የተሠሩ ፕሮግራሞች እንደገና በአዲሱ ካልተሠሩ አሮጌውን ሰዓት ይዘው ይቀጥላሉ። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከሚሸጡት ርካሽ ራውተሮችና መቅረጫዎች ውስጥ ባለ 32 ቢት የሆነውን ልብ በሉት።

ያ ባለ 32 ቢት ቁጥር የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ በጥምቀት ዕለት ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ፣ ታቦታቱ ገና ከጥምቀተ ባሕሩ ሳይነሱ። በሚቀጥለው ሰከንድ በአሮጌው ሄደር የተሠራው ፕሮግራም ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ብሎ ያነባል። በዚያ ቀን ባቡሩ ድሬዳዋ ለመድረስ ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር።