ከዜሮ በታች

በቴርሞሜትር ላይ «ዜሮ» ማለት «ምንም» ማለት አይደለም። በሴልሺየስ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው፤ ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከዚያ ሲወርድባት ነው ባቄላውን ውርጭ የሚመታው። የፋራናይት ዜሮ ግን ሌላ ነው። ዳንኤል ፋራናይት በረዶ፣ ውሃና ጨው ቀላቅሎ ካገኘው ቅዝቃዜ ስለተነሳ፣ በሴልሺየስ ሲለካ ከዜሮ በታች 18 ገደማ ላይ ይወድቃል። በእሱ ልኬት ውሃ በረዶ የሚሆነው በ32 ነው። ሚኒሶታ ያለ ዘመድ በስልክ «ዛሬ 14 ዲግሪ ነው» ቢል «የአዲስ አበባ ማለዳ በለኛ!» አይባልም፤ በእኛ ልኬት ከዜሮ በታች 10 ነው፣ ምስኪን።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከፋራናይቱ 32 ቀንሶ ለ1.8 ማካፈል፤ ከሴልሺየስ ሲነሱ ደግሞ በ1.8 አባዝቶ 32 መደመር። ሰው የሚሳሳተው የመቀነስ ምልክቷን ሲረሳ ነው። -10 በ1.8 ሲባዛ -18 ይሆናል፤ 32 ሲደመርበት 14 እንጂ 50 አይወጣም። «እጥፍ አድርገህ 30 ጨምር» የሚባለው አቋራጭ ለሞቃት ቀን ደህና ነው፤ 25 ዲግሪን 80 ይላል፣ ትክክለኛው 77 ነው። በከባድ ብርድ ግን አይታመንም፤ ለ-30 የሚሰጠው -30 ሲሆን እውነተኛው መልስ -22 ነው። ሁለቱ ልኬቶች አንድ ቁጥር የሚናገሩት -40 ላይ ብቻ ነው።

«ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ወረደ» ሲባል ደግሞ 32 አያገባውም፤ ልዩነት ስለሆነ በፋራናይት 18 ዲግሪ ወረደ ማለት ነው። ዜና አንባቢዎች ይህቺን ቢያስተውሏት ደስ ይለኛል።