ፀሐይን የገሩ መስኮቶች፦ መስታወት በመስጂድ ታሪክ



እኛ ሰፈር አዲስ የተሠራው መስጂድ ያምራል፣ ማሻአላህ። ቂብላችን ወደ ሰሜን ስለሆነ ስንሰግድ ምዕራብ በግራችን ነው፤ የግራው ግድግዳ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ዐስር ላይ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትገባለች። በሶፉ ግራ ጫፍ የቆመ ሰው ዓይኑን አጥብቦ፣ ላቡ እየወረደ ይሰግዳል። በመጨረሻ ኮሚቴው ወፍራም መጋረጃ ገዛ። በስንት ብር የተገጠመ መስታወት ተመልሶ ተሸፈነ ማለት ነው።

ታዲያ ፀሐይዋ ከኛም በምትበረታባቸው በሻም፣ በግብፅና በየመን የኖሩ ሙስሊም ግንበኞች እንዴት ነበር የሚያደርጉት?

መስታወትና ህንፃ ለኛ አዲስ ወሬ አይደለም። የሳባዋ ንግሥት የነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ቤተ መንግሥት ወለል ውሃ መስሏት ልብሷን መሰብሰቧን ሱረቱ-ነምልን የቀራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወለሉ መስታወት ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ቁድስ ላይ ያሠራው ቁበቱ-ሰኽራ (72 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. 691/692) ውስጡ ጥፍር በሚያካክሉ የመስታወት ቁራጮች የተለበጠ ነው። ወርቃማዎቹ እውነተኛ ወርቅ አለባቸው፦ ስስ የወርቅ ቅጠል በሁለት የመስታወት ንጣፎች መሐል ገብቶ ነው የተሠሩት። ልጁ አል-ወሊድ ደማስቆ ላይ ያሠራው የኡመውያ መስጂድም (706–715) እንዲሁ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ይታወቃል። ይህ ግን የግድግዳ መስታወት ነው፤ ብርሃን ያንጸባርቃል እንጂ አያሳልፍም።

የኛ ጉዳይ የመስኮቱ ነው። ኢያሪኮ አጠገብ ኺርበቱል-መፍጀር የሚባል፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የኡመውዮች ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። እዚያ በተደረገ ቁፋሮ ባለቀለም መስታወት የተገጠመባቸው የጄሶ መስኮቶች ስብርባሪ ተገኝቷል። ይህ ከፈረንሳዩ ዝነኛ የሻርትር ካቴድራል መስኮቶች በ400 ዓመት ይቀድማል። (ፉክክር ለመክፈት አይደለም፤ ባለቀለም መስኮት ሲያይ “የፈረንጅ ነው” የሚል ወንድም ስለማያጣን ነው።)

እንዲህ ያለው መስኮት በዐረብኛ ቀመሪያ ይባላል፤ ቀመር ጨረቃ ማለት ነው። የሰንዓ ሰዎች ድሮ በመስታወት ፋንታ በስሱ የተሰነጠቀ አልባስጥሮስ ድንጋይ ይገጥሙ ነበር። ብርሃኑ ለስላሳ፣ እንደ ጨረቃ ፈዘዝ ያለ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። በእንጨት ፍሬም ውስጥ ጄሶ ይፈስና ወፍራም ሰሌዳ ይሆናል። ላዩ ላይ ሐረግ፣ ኮከብ ወይም ጽሑፍ ይነደፋል፤ ከዚያ ባለሙያው በትንሽ ቢላ ቀዳዳዎቹን ይፈለፍላል። ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ መስኮቱ ከፍ ብሎ የሚገጠም ስለሆነ ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ታች አጋድሎ ይቆረጣል፤ ከታች ቀና ብሎ ለሚያየው ሰው ንድፉ አይደበቅበትም፣ ብርሃኑም ወደ እሱ ይወርዳል። መስታወቱ ከጀርባ በኩል ቁራጭ በቁራጭ ይለጠፋል፣ በቀጭን ጄሶም ይያዛል። የፈረንጆቹ ቁራጮች የሚያያዙት በቀጭን እርሳስ ስለሆነ ብርሃኑ በሰፊው ይገባል፤ የጄሶው ውፍረት ግን ራሱ ጥላ ነው። ኃይለኛዋ ፀሐይ ተከፋፍላ፣ ቀለም ለብሳ ትገባለች።

መስታወቱ ራሱ የአሸዋና የበረሃ ተክል አመድ ቅልቅል ነበር። ኬሚስትሪ ላይ የተማርነው “አልካሊ” የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ አመድ የዐረብኛ ስም፣ ከአል-ቀሊ ነው። ኮባልት ሲጨመርበት ሰማያዊ፣ ማንጋኒዝ ሲበዛበት ወይን ጠጅ ይሆናል፤ መዳብ ደግሞ አረንጓዴም ሌላም ቀለም ይሰጣል።

ዑስማንዮች አንድ ነገር ጨመሩበት። በ1557 ኢስታንቡል ላይ በተጠናቀቀው በሚዕማር ሲናን የሱለይማኒያ መስጂድ መስኮቱ ድርብ ነው፦ ውስጠኛው ባለቀለሙ፣ ውጨኛው ደግሞ ነጭ መስታወት ያለበት፣ ዝናብና ንፋስ የሚከላከል። በመካከል የቀረው አየር ሙቀትና ብርድንም ያበርዳል። ዛሬ “ደብል ግሌዝድ” ተብሎ በውድ የሚሸጥልን ሐሳብ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከገበያ ያስወጣው ርካሽነት ነው። የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ በ1959 የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ አንሳፍፎ የሚያመርትበትን ዘዴ አስተዋወቀ፤ ሰፊና ልሙጥ መስታወት የትም የሚገኝ ዕቃ ሆነ። የኛም መስጂድ ግድግዳ የመጣው ከዚያ ነው።

ሙያው ግን አልጠፋም። ነሐሴ 1969 እ.ኤ.አ. አንድ አውስትራሊያዊ መስጂደል-አቅሷን ሲያቃጥል የሰላሑዲን ሚንበር ነደደ፣ የጄሶ መስኮቶቹም ተጎዱ። እነሱን ለመተካት በአቅሷ ግቢ ያሉ ባለሙያዎች በዚያው በጥንቱ መንገድ፣ በእጃቸው ሠሩ፤ አንድ መስኮት ወራት ይፈጃል።

እኛ ጋስ? ጄሶ ቆርጦ የሳሎን ጣሪያ የሚያስጌጥ ልጅ በየከተማችን አለ፤ ባለቀለም መስታወትም ገበያ ላይ አይጠፋም። የሚቀጥለው የመስጂድ ግንባታ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የምትገኙ ወንድሞች፣ የምዕራቡ ግድግዳ ሳይታዘዝ አንድ ጄሶ ሠሪ ጥሩና ዋጋውን ጠይቁት። የመጋረጃውንም ዋጋ አብራችሁ ደምሩ።