የመሬት ደረጃና የጤና ግብር በጅማ አገር

ሰቃ የምትገኝበት የጅማ አገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1932 የራሱ ንጉሥ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሆነ። በዚሁ አቆጣጠር በ1944 የወጣው ዐዋጅ የተለካውን መሬት ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ፥ አሥራቱን ጨምሮ በጋሻ 50፥ 40ና 15 ብር ወሰነበት። የትምህርት ግብር በ1947፥ የጤና ግብር በ1959 ሲታከልም መሠረቱ የመሬት ደረጃ ሆነ። ግብሩ በጋሻ የተቈረጠ ስለ ነበረ ቡናው ቢያፈራም ባያፈራም አይለወጥም ነበር። ስለሆነም ጠፍ ይዞ ለም የተባለው ገበሬ ከዐቅሙ በላይ ይከፍል ነበር፤ ለም ይዞ ጠፍ የተባለው ባለርስት ግን ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት የሚገባውን ያስቀር ነበር። እንግዲህ የመሬትን ግምት እንደ ገና መመርመር የሒሳብ ሥራ ብቻ ሳይሆን፥ የወጣቱን አእምሮና ጤና የሚነካ የፍርድ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ ታሪክ እንገነዘባለን።