የመጻሕፍት መዝገብ፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ዩኒቨርስቲው ቤተ መጻሕፍት

ስለ መጻሕፍት አጠባበቅ ነገር በተነሣ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ምስጥ፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ውሃና ስለ እሳት ነው። እነዚህ ኹሉ የመጽሐፍ ጠላቶች መኾናቸው አይካድም። በእኛ አስተያየት ግን የመዝገብ ጕድለት ከነዚህ የማያንስ ጠላት ነው፤ ምን እንዳለው የማያውቅ ቤት ምን እንደ ጠፋበት ሊያውቅ አይችልምና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ከአገራችን ታሪክ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ የተቈጠሩት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የጥንት ሊቃውንታችን ይህን ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ወይም በ1281 ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በዚሁ ወንጌል ውስጥም ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ይህም እስካሁን ከሚታወቁት የኢትዮጵያ የመጻሕፍት መዝገቦች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው። የርስቱን፣ የጕልቱንና የዕቃ ቤቱን ዝርዝር በወንጌል ቅጠል ላይ መጻፍ በብዙ አድባራት የጸና ሥርዓት ነበር፤ ወንጌል በቤተ መቅደስ የሚኖር፣ ሊፋቅም ሊቀደድም የማይደፈር መጽሐፍ ነውና። ከዚህም ጋር መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም የፋቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ይጨመርበት ነበር። በዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ይህን ሥራ የተረከበው በመጽሐፉ ላይ የሚመታው ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ ግን እንደ ውግዘቱ ማንንም ሲያስፈራ አላየንም።

መዝገብ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ከመቅደላ ነገር ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌላውም ስፍራ ብዙ መጻሕፍት አከማችተው ነበር። በሚያዝያ 1868 አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ እነዚህ መጻሕፍት ከሌላው ምርኮ ጋር ተዘረፉ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም ምርኮው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት 350 ያህል ሲኾኑ፣ ዊልያም ራይት በ1877 ባሳተመው ካታሎግ እያንዳንዱ ተገልጿል። ዛሬ ስለ እነርሱ ልንጠይቅ፣ ልንከራከርም የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው። በየመኰንኑና በየወታደሩ ሻንጣ የሄዱት ግን ስንት እንደ ነበሩ እንኳ የሚናገር መዝገብ የለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት በጻፉ ጊዜ ክብረ ነገሥትን በስሙ ጠርተው ስለ ጠየቁ መጽሐፉ ተመልሶላቸዋል።

አሁን ወደ ዩኒቨርስቲው እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1950 ሥራ ሲጀምር ቤተ መጻሕፍቱን ያደራጁት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሖይናትስኪ ነበሩ። እርሳቸውም ከመጽሐፉ ጋር መስቀሉን፣ ሥዕሉንና የእጅ ሥራውን ይሰበስቡ ጀመር፤ የኮሌጁ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበርም በዚህ ረዳቸው። በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርስቲው ሰጡ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ኾኑ፤ ስብስቡም የተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መሠረት ኾነ።

ቤተ መጻሕፍት የብራና መጽሐፍ ከሻጭ እጅ ሲቀበል ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። መጽሐፉ ከየት መጣ? ወደ ገበያ የሚወጣ ብራና ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ደብር ስም ተፍቆ ወይም ያለበት ቅጠል ተቈርጦ ይመጣል። ባይገዙት ከአገር ይወጣል፤ ቢገዙት ደግሞ ታሪኩ የተቈረጠ መጽሐፍ ይገባል። እኛ መግዛቱ ይሻላል እንላለን፤ ሻጩ የተናገረው ቃል፣ የተገዛበት ቀንና የተፋቀው ስፍራ ሳይቀር በመዝገብ ከሰፈረ ብቻ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ባይኖር ደብሩ ነገ መጥቶ መጽሐፌ ነው ቢል የሚመለስለት ቃል አይኖርም።

ደግሞም የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። የ500 ዓመት ብራና በማኅደሩ ኾኖ፣ ከርጥበትና ከብል ከተጠበቀ ሲገለጥ እንደ ትናንት ይነበባል። በ1925 መታተም የጀመረው ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ግን 100 ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ያለው የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ስለሚሠራ በውስጡ ያለው አሲድ ያቢጫዋል፣ ሲያጥፉትም ይሰበራል። ተማሪው ሊያነበው በገለጠው ቍጥር አንድ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከአያቱ ይልቅ የልጅ ልጁ ለሞት ቀርቧል ለማለት ይቻላል። ለብራናው የሚሰጠው ክብር ለጋዜጣው አለመሰጠቱ ያሳዝነናል።

ለዚህ ኹሉ መድኀኒት ተብሎ የመጣው ቅጂ ነው። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በየገዳሙና በየደብሩ፣ በየግለሰቡም እጅ ያሉትን ብራናዎች ፎቶግራፍ እያነሣ ብዙ ሺህ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። ካታሎጉን በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዊልያም ማኮምበርና፣ ከርሳቸው በኋላ በይበልጥ ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አዘጋጅተውታል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ያ የሐይቁ ወንጌልም 1832ኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርስቲው ካሉት ብራናዎች ብዙዎቹ በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል። ኾኖም ፊልምም ያረጃል፤ አሴቴት ፊልም በሙቀትና በርጥበት ሲበላሽ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። የኮምፒዩተሩም ሥዕል የየትኛው መጽሐፍ የትኛው ቅጠል እንደ ኾነ ካልተጻፈበት ከተፋቀው ብራና አይለይም።

ስለዚህ የመዝገብ ሥራ እንደ ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ተቈጥሮ ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ ብቻ ባይተው መልካም ነው። ግእዝ የሚያነብ፣ ድጕሱንና ስፌቱን የሚያውቅ ሰው ከአጠገቡ መቀመጥ አለበት። ከኹሉ አስቀድሞ የሚጻፈውም የቅጠሎቹ ቍጥር ነው፤ እርሱ ካልተጻፈ ሥዕል ያለበት አንድ ቅጠል ተቈርጦ ቢወሰድ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እንደ ወትሮው ቆሞ ይታያል።