ከካርድ መሳቢያ እስከ ዳታቤዝ፦ ታሪካችን በየትኛው ስም ተመዘገበ?

ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎቻችን የምርምር ወረቀት ሲታዘዙ «ስለኛ አገር ኢንተርኔት ላይ ምንም የለም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጽሑፉ አለ፤ የተመዘገበበትን ስም ስላላወቅን ነው የማናገኘው። ይህ ችግር የራሱ ታሪክ አለው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ። በ1961 ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ «ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ»ም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። ያኔ በየቤተ መጻሕፍቱ ጽሑፍ የሚፈለገው በካርድ ነበር። አንዷ ካርድ የጸሐፊውን ስም፣ ሌላዋ ርዕሱን፣ ሦስተኛዋ ጉዳዩን ትይዛለች። ካርዷ በሌላ ፊደል ሥር ከተቀመጠች መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

የዛሬው ዳታቤዝ የዚያ መሳቢያ ልጅ ነው። ጄስቶር በ1995 ሲቋቋም ዓላማው የቆዩ መጽሔቶችን በኮምፒዩተር አስቀምጦ ቤተ መጻሕፍትን ከቦታ ጥበት ማዳን ነበር። በ1998 አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን፣ በ2004 ጉግል ስኮላር ተከተሉ። የጥናት ተቋሙ ጆርናልም አሁን ጄስቶር ውስጥ ይገኛል።

ኮምፒዩተሩ ግን የጻፋችሁለትን ፊደል ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የቦታ ስም ይለዋወጣል። በ1960ዎቹ የተጻፈ ጽሑፍ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት፣ አዳማን ናዝሬት ይላል። ሁለተኛ፣ ፈረንጆች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል፤ ባሕሩ ዘውዴን አንዱ ቦታ በባሕሩ፣ ሌላው ቦታ በዘውዴ ሥር ታገኟቸዋላችሁ። ሦስተኛ፣ ዘመን አቆጣጠር ነው። አድዋን በ1888 ብላችሁ ብትፈልጉ አይመጣላችሁም፤ እዚያ የተመዘገበው በ1896 ነው።

ዳሚ ለምንኖር ሰዎች የሚቀርብ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ሲደበድብ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ጅጅጋ አጠገብ የነበረው የሐርትሼክ ካምፕ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ይባል ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። ሐርጌሳ በላቲን ፊደል አንዴ በ«አይ» አንዴ በ«ዋይ» ይጻፋል፤ የሐርትሼክም አጻጻፍ ብዙ ነው። በአንዱ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ሳያይ ይቀራል። ዛሬ ያስጠለለን ሕዝብ ትናንት በእኛ አገር ተጠልሎ እንደነበር ሁላችንም በወሬ ሰምተናል። ጸሐፊና ዓመት ጠርተን፣ ገጽ ጠቅሰን ስንናገረው ግን ክብደቱ ሌላ ነው። ሰሚውም ተረት ነው ብሎ አያልፈውም።

እርግጥ ብዙው ጽሑፍ ገንዘብ ይጠይቃል። ለተማሪ ዩኒቨርሲቲው ይከፍልለታል፤ ትምህርቱን አቋርጦ ለተሰደደ ሰው ግን በሩ ይዘጋል። እኔም አቋርጬ የወጣሁ ስለሆንኩ ይህን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ጄስቶር በኢሜይል ለተመዘገበ ማንኛውም ሰው በወር እስከ 100 ጽሑፍ በነፃ ያስነብባል። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኛችሁ ደግሞ የግርጌ ማስታወሻውን አትዝለሉ፤ ወደ ሌሎቹ የሚወስደው መንገድ እዚያ ነው።

እስቲ እያንዳንዳችሁ የተወለዳችሁበትን ከተማ ወይም ወረዳ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ፈልጉ። ያገኛችሁትን ጸሐፊ፣ ርዕስና ዓመት፣ የትኛው አጻጻፍ እንደሠራላችሁም ጭምር በደብተራችሁ መዝግባችሁ ክፍል ይዛችሁ ኑ። የአንዱ ፍለጋ ለሌላው ካርድ ይሆነዋል።